ስምንት በስምንት፦ ኢንሱሊን ይዘው ከሆስፒታል የወጡ እናት ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

በመሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ነኝ። አክመን ወደ ቤታቸው ከምንሸኛቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ይመጣሉ። በሽታው የጸናበት አለ። መድኃኒቱን በታዘዘው መንገድ ሳይወስድ ቀርቶ የሚመለስም አለ። እዚህ የምጽፈው የሁለተኛውን ዓይነት አንድ ጉዳይ ነው።

ከብዙ ጉዳዮች ይህን የመረጥኩት ቸል ያለ ሰው ስለሌለበት ነው። ሐኪሙ በትክክል አዟል። ነርሷ አስረድታለች። ቤተሰቡ የተረዳውን አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል። እንዲያም ሆኖ ታካሚዋ ከሞት አፋፍ ደርሰው ነው የተመለሱት። የማንንም ስም አልጠቀስኩም። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም ትቻለሁ። ቤተሰቡ ለሌሎች ትምህርት ይሁን ብሎ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

ዳራው

ታካሚዋ በስድሳዎቹ አጋማሽ ያሉ እናት ናቸው። የስኳር ሕመም ከያዛቸው ዓመታት አልፈዋል። ለረጅም ጊዜ ክኒን ሲወስዱ ኖረው፣ ክኒኑ ብቻውን አልበቃ ስላለ ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኙ። በተኙበት ጊዜ ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ተጀመረላቸው። ጠዋት 16 ዩኒት፣ ማታ 8 ዩኒት (ዩኒት የኢንሱሊን መጠን መለኪያ ነው)።

ኤንፒኤች ደመና የመሰለው፣ ከመቀዳቱ በፊት ቀስ ተደርጎ በመዳፍ የሚንከባለለው ኢንሱሊን ነው። ከተወጋ በኋላ ሥራ ለመጀመር ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጅበታል። ኃይሉ የሚበረታው ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ሆድ ውስጥ ምግብ ከሌለ ስኳር ይወርዳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ቤታቸው መርካቶ አቅራቢያ ያለ የቀበሌ ቤት ነው። ልጃቸው በርበሬ በረንዳ ትሠራለች። ከንጋቱ 12 ሰዓት ትወጣለች፣ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ትገባለች። ከሳቸው ጋር የምትውለው የ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ከቀትር በኋላ ቤት ትሆናለች። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እሳቸው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ የሚጾሙ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ሲወጡ

ዲስቻርጅ የተባሉት ዓርብ ከሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት የኛ ክፍል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አልጋ የሚጠብቅ ሰው ድንገተኛ ክፍል ተኝቷል። የሚወጣው ቤተሰብ ሂሳብ ሳይዘጋ፣ መድኃኒት ቤት ሳይዘጋ፣ ማኅተም የሚመታው ሰው ሳይሄድ ብሎ ይሮጣል። አስታማሚዋ የልጅ ልጃቸው ናት፣ ግን በዚያ ሰዓት መድኃኒት ቤት ተሰልፋ ነበር። አልጋው አጠገብ የቆመው መኪና ይዞ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ነው። እሱ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው።

ነርሷ ለታካሚዋና ለእሱ አስረዳች። መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚወጋበትን ቦታ ነገረቻቸው። በመጨረሻም «ገብቷችኋል?» ብላ ጠየቀች። እሱ «አዎ ሲስተር» አለ። እሳቸውም «ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ቻርቱ (የታካሚዋ መዝገብ) ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ተብሎ ተጻፈ። ይዘውት የሚወጡት የሐኪሙ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ነበር። ሰዓቱ 8 ኤኤም እና 8 ፒኤም ተብሎ ሰፍሮበታል።

የተፈጠረው ችግር

ከሳምንት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ታካሚዋ ቤት ውስጥ ላብ በላብ ሆኑ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገሩት አይያያዝም። ጎረቤት ጾሙ ያደከማቸው መስሎት ጋደም አደረጋቸው። መልስ መስጠት ሲያቅታቸው ግን በራይድ ወደ ድንገተኛ አመጧቸው። ስኳራቸው ሲለካ 34 ሆኖ ተገኘ። ከ70 በታች ሲሆን ነው ወርዷል የምንለው። ወዲያው 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣቸው፣ ነቁም። ኢንሱሊኑ ገና ሥራውን ስላልጨረሰ ስኳሩ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ወደኛ ክፍል ተመለሱ።

በድንገተኛ ካርዳቸው ላይ «ሳይበሉ ኢንሱሊን ወስደው» የሚል ተጽፏል። እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋል። ታካሚውን «መብላት አለቦት» ብለን እንመክራለን፣ ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውየው ይሄዳል። በዚህ ጉዳይ ግን የክፍሉ ነርሶች አንድ ነገር ተስማማን። ከመምከራችን በፊት ቤት ውስጥ የሆነውን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲነግሩን እንጠይቅ አልን።

ስንጠይቅ ያገኘነው

የልጅ ልጃቸውን ከአልጋው ራቅ አድርገን አስቀመጥናትና «ኢንሱሊኑን ማን ነበር የሚወጋው?» አልናት። «እኔ» አለች። «በስንት ሰዓት?» «በስምንት ሰዓት። ቀን በስምንት፣ ሌሊት በስምንት። ሌሊት እንዳልረሳው ስልክ ላይ ደወል እሞላ ነበር።»

የወንድማቸው ልጅ ወረቀቱን ሲሰጣት የነገራት ጠቅላላውን ብቻ ነው። ቁጥሩን ራሷ አነበበችው። ኤኤም የቀን፣ ፒኤም የሌሊት እንደሆነ ገመተች፤ 8ቱን ግን ሁላችንም ቤት እንደምንቆጥረው ቆጠረችው። ማጠቃለያው ላይ የነበረው 8 ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ማለት ነበር። የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ልጅቷ ግን ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትወጋ ነበር። የማታው መጠን 8 ዩኒት ስለሆነ «ስምንት በስምንት» ብላ በቃሏ ይዛዋለች።

ይህን ስሕተት ቤት ውስጥ ማንም ያልጠረጠረው ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ልቤ ተነካ። ከቀኑ 8 ሰዓት መወጋት ለጾመኛ ፍጹም ትክክል ይመስላል። ጾም የሚፈታው 9 ሰዓት ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ ከምግብ በፊት እንደሚወሰድ ተነግሯቸዋል። አያቷ «ሐኪሞቹ ጾሜን አስበው ነው ያደረጉት» ብለው አመስግነውን ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከሌሊቱ መርፌ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች ኃይሉ የሚበረታው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀትር ነው። እሳቸው ደግሞ በዚያ ጊዜ ሁሉ እህል አይቀምሱም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መውደቃቸው የሚጠበቅ ነበር።

ጥያቄውን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አንዲት ባልደረባዬ ግን ባዶ ሲሪንጅና የውሃ ብልቃጥ አምጥታ «እስቲ እንደምትቀጂው አሳዪኝ» አለቻት። ልጅቷ 8 ዩኒት ቅጂ ስትባል ከዜሮ ጀምራ ስምንት መስመር ቆጠረች። የተሰጣቸው ሲሪንጅ የ1 ሚሊ ሊትሩ፣ 100 ዩኒት የሚይዘው ነው። በዚህ ሲሪንጅ ላይ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት። የተቀዳው 16 ዩኒት ነበር። ለጠዋቱ ደግሞ 10 የሚለውን ቁጥር አግኝታ ከዚያ በላይ ስድስት መስመር ቆጠረች፤ 22 ዩኒት ሆነ።

ሐኪሙ በዚያው ቀን ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ መጠኑን ሊቀንስ አስቦ ነበር። ይህን ስንነግረው ተወው። የታዘዘው መጠን ብዙ አልነበረም። እንደታዘዘው ተወስዶም አያውቅም። በትክክለኛው መጠንና በትክክለኛው ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ስንከታተላቸው ስኳራቸው ደህና ሆነ። መጠኑ ተቀንሶ ቢሄዱ ኖሮ መስመር አቆጣጠሩ እንደተሳሳተ ይቀጥል ነበር።

ልጅቷ አለቀሰች። «እማማን እኔ ነኝ የጎዳኋት» አለች። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ወሰድን፣ መውሰድም ነበረብን። የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት እየተነሳች አያቷን ስታስታምም የነበረችው በፍቅር ነው። ያላሳየናትን ነገር ባለማወቋ ልትወቀስ አይገባም። ይህን በግልጽ ነገርናት፤ አያቷም «አንቺ ባትኖሪ ማን ነበረኝ» አሏት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ሰዓቱን ከቤቱ ኑሮ ጋር ማስማማት ነው። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ጠዋት 1 ሰዓት ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ ልጃቸው ከሥራ ስትገባ እንዲሆን ተወሰነ። ከሁለቱም በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግብ ይቀርባል። የማታውን መርፌ ለልጃቸው ያደረግነው ሆን ብለን ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን እንዲህ ያለ ኃላፊነት መሸከም የለባትም ብዬ አምናለሁ። ልጃቸው ቀን መምጣት ስለማትችል ማታ ከሥራ መልስ እየመጣች የማታ ተረኛዋ አለማመደቻት።

ሁለተኛው ጾሙ ነው። እኛ «አይጹሙ» ስንላቸው «እሺ» ይላሉ። ያ «እሺ» እኛን ላለማሳዘን እንደሆነ ያስታውቃል። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረብን። አባ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ነርሷ ኢንሱሊኑ በባዶ ሆድ የሚያደርገውን አስረዳቻቸው። አባም የታመመ ሰው እስከ 9 ሰዓት የመቆየት ግዴታ እንደሌለበት ነገሯቸው። መጨረሻ ላይ የተስማሙበት ለእኛም ጥሩ ነበር። ሥጋና ወተት አይበሉም፤ የሚበሉት ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ነው። ሰዓቱን ግን አይጾሙም፣ ቁርስ ይበላሉ።

ሦስተኛው መርፌው ነው። አንዷ መስመር 1 ዩኒት የሆነችበት የግማሽ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፈለግን። አገኘን፣ ግን ሁልጊዜ ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ በትልቁም «ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት» እያለች እንድትቆጥር ተለማመደች። በተጨማሪም ሁለት ባዶ ሲሪንጆች ላይ 8 እና 16 የሚደርሱበትን ቦታ በፕላስተር አመልክተን ሰጠናቸው። የተቀዳውን ከዚያ ጋር ያስተያያሉ።

አራተኛው አጠያየቃችን ነው። «ገብቶዎታል?» ማለት አቆምን። ነርሷ እንዲህ ትላለች፦ «እማማ፣ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ ፈልጌ ነው። ማታ ልጅዎ ስትገባ ምን ምን እንደምታደርግ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።» እንዲህ ሲባል የሚፈተነው የነርሷ አገላለጽ ይሆናል። ታላቅ ሰው በልጆቹ ፊት «አልገባኝም» ለማለት አይገደድም። ስኳር ሲወርድ የሚደረገውንም በዚሁ መንገድ አስደገምናቸው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መደናገር ሲመጣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት። 15 ደቂቃ መጠበቅ። ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል ምግብ መብላት። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ማምጣት።

ስናስደግማቸው ያላሰብነው ነገር ወጣ። «ስኳር ለኔ መርዝ አይደል እንዴ?» አሉ። ለዓመታት ስኳር አትንኩ ስንላቸው ኖረናል፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ኢንሱሊን ላይ ስላሉ ስኳር መድኃኒት የሚሆንባት አንዲት ሰዓት እንዳለች ነግረን እንደገና አስደገምናቸው። በራሳቸው አባባል ሲነግሩን ነው ያመንነው።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ማሳየቱ ነው። መስመር አቆጣጠሩን በቃል ጥያቄ አናገኘውም ነበር። ልጅቷ «8 ዩኒት» ብላ በትክክል ትመልሳለችና። ቀጥሎ የአባ ቃል ነው። እኛ ስንለምን የከረምንበትን እሳቸው በአንድ ጉብኝት ጨረሱት።

የቀጠሮው አጻጻፍም ጠቅሟል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 13 ብለን ጻፍንና በቃል ደግሞ «የሚካኤል ማግስት» አልናቸው። ወሩ በገባ በ12 ሚካኤል መሆኑን እሳቸው አይስቱትም። በቀጠሮው ቀን መጡ።

የመርፌውን ሰዓት እንዲያሳያቸው የሠራነው ሥዕል በመጀመሪያ አልሠራም። ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ሥለን ነበር። ምን እንደተረዱ ስንጠይቃቸው ጨረቃዋን አይተው «እንቅልፍ ከወሰደን በኋላ ነው» አሉ። ወደዚያው ስሕተት ልንመልሳቸው ነበር ማለት ነው። ጨረቃዋን ትተን እንጀራ የቀረበበት ትሪ ሣልን፣ ከፊቱ መርፌ። ጠዋቱንም በቁርስ ስኒ ተካነው። ያኔ ወዲያው ገባቸው።

ከወጡ በኋላ ለክትትል ስልክ መደወሉም መጀመሪያ ከሸፈ። የተመዘገበው የልጃቸው ቁጥር ነው፤ ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች አታነሳም። የማታ ተረኛ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ እንድትደውል ስናደርግ ተገኘች። በዚያ ጥሪ አንድ ነገር ተያዘ። ኢንሱሊኑን በጎረቤት ፍሪጅ አስቀምጠውት፣ ከበረዶ ቤቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። አዲስ ብልቃጥ እንዲወስዱ ተደረገ። የተከፈተው ብልቃጥ ለአራት ሳምንት ያህል ፀሐይና ምድጃ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ጥግ ቢቀመጥ በአዲስ አበባ አየር እንደማይበላሽም ተነገራቸው። ይህን ክፍሉ ውስጥ ሳሉ አንስተነው ቢሆን ይሻል ነበር። ፍሪጅ እንደሌላቸው ያወቅነው ግን ስንደውል ነው።

ያልተፈታው የስኳር መለኪያው ነው። መሣሪያውን ዘመድ ሊገዛላቸው ይችላል፣ በየልኬቱ ደም የሚነካበት ስትሪፕ ግን በየጊዜው ወጪ አለው። በየቀኑ ለኩ ብለን መጻፍ ለኛ ይቀላል፤ እነሱ ግን አይችሉትም። አቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ እየሄዱ እንዲለኩ ተስማማን። በቂ ነው አልልም።

ለሌላ ክፍል የሚሆነው

ለሌሎች ታካሚዎችም የሚያገለግለው የመጀመሪያው ነገር ጥያቄ ነው፦ ቤት ውስጥ ይህን የሚሠራው ማን ነው? አልጋው አጠገብ የቆመው ዘመድ ብዙ ጊዜ ሸኚ ነው። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ካልመጣ ማስረዳቱ አልተጀመረም። በስልክም ቢሆን፣ በማታ ተረኛም ቢሆን መገኘት አለበት።

ማስረዳቱ ለመውጫው ቀን መቆየት የለበትም። በዚያ ቀን የቤተሰቡ ልብ ካሸሩ መስኮት ላይ ነው። አሁን በክፍላችን ኢንሱሊን የተጀመረለት ሰው ከማግስቱ ጀምሮ አስታማሚው ነርሷ እያየችው ይቀዳል፣ ይወጋል። የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል አይደለም፤ መርፌው ለማንኛውም ይሰጣልና።

ሰዓት በአማርኛ ይጻፍ። ጠዋት ወይም ማታ የሚለው ቃልና ምግቡ አብረው ይኑሩበት፦ «ማታ 2 ሰዓት፣ ከእራት በፊት» እንዲህ። የሐኪሙ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ መሆኑ ለሌላ ሐኪም ይጠቅማል። ለቤቱ ግን ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል።

በጾም ወቅት የሚወጣ ሰው ስለ ጾም ሳይጠየቅ መሸኘት የለበትም። በረመዳንም እንደዚሁ ነው። ሰውየው ራሱ አያነሳውም። «ከለከሉኝ» ማለት ስለማይፈልግ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ቻርት ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» የሚለው አጻጻፍም ቢቀር ደስ ይለኛል። ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግረውም። በዚህ ጉዳይ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ባልደረባዬ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «የልጅ ልጃቸው 8 ዩኒት በትክክል ቀድታ አሳይታለች። 16 ላይ ተሳስታ ራሷ አርማለች። ታካሚዋ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ስኳር እንደሚወስዱ በራሳቸው አባባል ተናግረዋል። የማታውን የምትወጋው ልጃቸው ገና አልተለማመደችም፤ ዛሬ 2 ሰዓት ስትመጣ ይታይ።» የማታ ተረኛዋ ይህን አንብባ ሲሪንጅና ውሃ አዘጋጅታ ጠበቀቻት።